ንብ የዶሮውን ውሃ ሲወርስ

ጥያቄ፦ «ቢሾፍቱ አካባቢ ግቢዬ ውስጥ 40 ቦቫንስ ብራውን እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሉኝ። ውሃ የምሰጣቸው በሦስት ተገልባጭ የፕላስቲክ መጠጫ ነው። ከጥር አጋማሽ ወዲህ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት የመጠጫዎቹ ጠርዝ በንብ ይሸፈናል። ዶሮዎቹ ፈርተው አይጠጉም፤ እንቁላሉም ቀንሷል። ልጄ መጠጫ ሲያጥብ ሁለት ጊዜ ተነድፏል። ጎረቤቴ አራት ቀፎ አለው። ‹ጠርዙን ነጭ ጋዝ ቀባው› የሚሉኝ አሉ። ከጎረቤቴ ጋር ሳልጣላ ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ ነጭ ጋዙን ይተዉት። ጋዝ ውሃው ላይ ይንሳፈፍና መጀመሪያ የሚጎዳው ዶሮውን ነው፤ ጠጥታው ካልታመመች ሽታውን ተጸይፋ ውሃ መጠጣት ታቆማለች። ንቦቹ ደግሞ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መጠጫ ይወርሳሉ እንጂ ግቢዎን አይለቁም። ሳሙናም፣ ፀረ ተባይም እንደዚያው ነው፤ በዚያ ላይ የጎረቤትዎን ንብ መግደል ነው።

መፍትሔው የሚመጣው ነገሩን ገልብጦ ከማየት ነው። ዶሮን አዲስ መጠጫ ማስለመድ የሁለት ሦስት ቀን ሥራ ነው። የውሃ ቦታ የያዘችን ንብ ማስረሳት ግን ሳምንታት ይፈጃል፤ አንዷ ብትረሳ እንኳ ቀፎ ውስጥ በጭፈራዋ ቦታውን ያመለከተቻቸው ሌሎች ይመጣሉ። ስለዚህ ንቦቹ የለመዱትን ቦታ ለንቦቹ ይልቀቁላቸውና ዶሮዎቹን ንብ ወደማይደርስበት ውሃ ያዛውሯቸው። ብዙ ሰው የሚደክመው ተቃራኒውን ሲያደርግ ነው።

ንብ ውሃ የምትቀዳው ለጥሟ ብቻ አይደለም። እጭ ያለበት የቀፎው መካከል ከ34 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት አለበት። ሙቀቱ ከዚያ ሊያልፍ ሲል ሠራተኞቹ ውሃውን በሰፈፉ ላይ ስስ አድርገው ይዘረጉትና በክንፋቸው ያራግቡታል፤ ውሃው ሲተን ቀፎው ይበርዳል። የተከማቸ ማርም ለምግብ የሚሆነው በውሃ ቀጥኖ ነው። አበባ በሚበዛበት ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ የአበባው ፈሳሽ ራሱ ውሃ ስላለው ንቦቹ መጠጫ አይፈልጉም። በበጋው አበባው ሲሳሳ፣ ጅረቱም ሲደርቅ ግን ጠንካራ ኅብረ ንብ በሞቃት ቀን እስከ 1 ሊትር ውሃ ሊጠቀም ይችላል። አንዲት ንብ በአንድ ጉዞ የምትሸከመው ከ25 እስከ 40 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ አንድ ሊትር ማለት እንግዲህ ከ25,000 እስከ 40,000 ምልልስ ነው። ጠርዙ ጥቁር እስኪሆን የሚሸፈነው ለዚህ ነው፤ ከአራት ቀፎ ከሆነ ያዩት የሚጠበቅ ነው።

ንጹሕ ውሃ እያለ የዶሮ መጠጫ የሚመርጡትም በምክንያት ነው። ንብ ውሃን የምታገኘው በዓይኗ ከምታየው ይልቅ በማሽተት ነው። አረንጓዴ ዝቃጭ የያዘ፣ ኩስ የነካው፣ መኖ የወደቀበት ውሃ ከሩቅ ይሸታታል፤ ጨውና ማዕድንም አለው። ፀሐይ ላይ ሲውል ደግሞ ይሞቃል፤ ንብም ከቀዝቃዛ ይልቅ ሞቅ ያለውን ትወዳለች። ተገልባጩ መጠጫ ደግሞ ቆማ የምትጠጣበት ጠርዝና ጥልቀት የሌለው ውሃ አዘጋጅቶ ይጠብቃታል። ሆን ብሎ ለንብ የተሠራ ያህል ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ አይሳካም፤ መጀመሪያ የንቡ ውሃ ይደላደላል፣ ከዚያ የዶሮው ይቀየራል። በተቃራኒው ካደረጉት የተጠሙት ንቦች አዲሱን መጠጫ እየዞሩ ይፈትሹታል፤ የልብስ ማጠቢያ ሳፋና የሚያንጠባጥብ ቧንቧም አይቀራቸውም።

ከሦስቱ መጠጫዎች ንብ አብዝቶ የሚሰፍርበትን አንዱን ይምረጡና ካለበት ሳያንቀሳቅሱት የንብ ያድርጉት። ትሪው ውስጥ ከውሃው በላይ ብቅ የሚል ጠጠር ይደርድሩ፤ ንቧ ደረቅ መቆሚያ ካላገኘች ትሰምጣለች። ዶሮ እንዳይደርስበት ዙሪያውንና ላዩን ቀዳዳው 2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ የዶሮ ሽቦ ያልብሱት፤ ንብ በቀዳዳው እንደልቧ ትገባለች፣ የዶሮ ራስ አያልፍም። ሽቦው ከውሃው ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ አለበለዚያ ዶሮዋ በመንቆሯ ትደርሳለች። ለ10 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያልሞላ ጨው ይጨምሩ፤ ይህ መጠን ንቧን ይስባል እንጂ አይጎዳትም። ስኳር ግን በፍጹም አይጨምሩ። ስኳር ያገኘች ንብ የምትጠራው ውሃ ቀጂዎችን ሳይሆን ማር ዘራፊዎችን ነው፤ ቀፎ ከቀፎ ያጣላል፣ በሽታም ያዛምታል፤ ግቢውም ያኔ በእውነት አደገኛ ይሆናል።

ጠጅ ሣር ካለዎት እፍኝ ያህል ጨፍልቀው የትሪውን ጠርዝ ይሹበት። ንቦች ጥሩ ቦታ ሲያገኙ ጓደኞቻቸውን ለመጥራት ከሆዳቸው ጫፍ የሚለቁት ጠረንና የጠጅ ሣር ሽታ የሚጋሩት ንጥረ ነገር አለ። ባህላዊ ንብ አናቢዎች መንጋ ለመሳብ ቀፏቸውን ሽታ ባለው ቅጠል የሚያሹት ያለ ምክንያት አይደለም።

ከዚያ ጎን ለጎን፣ ከዶሮዎቹ ቢያንስ 15 ሜትር በሚርቅ ጥግ፣ ሰው በማያዘወትርበትና የጠዋት ፀሐይ በሚያገኝ ቦታ ቋሚውን የንብ ውሃ ያዘጋጁ። ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ዕቃ ያልተሟሸ የሸክላ ገንቦ ነው። ለቤት አገልግሎት ጉድለቱ የሆነው ማዠት ለንብ ትልቁ ጥቅሙ ነው፤ ላዩ ዘወትር እርጥብ ስለሚሆን ንቧ ገንቦውን ተለጥፋ ትጠጣለች፣ የምትሰምጥበት ውሃም የለም። አፉን በወንፊት ወይም በጨርቅ ይሸፍኑና ሳህን ላይ ያቁሙት፤ ሳህኑን ጠጠር ይሙሉበት። ገንቦ ካላገኙ 20 ሊትር ጀሪካን ከፍ አድርገው ያስቀምጡና ከሥሩ በቀጭን ምስማር ይብሱት፤ ጠብታው ዘንበል ያለ ድንጋይ ላይ በተነጠፈ ኬሻ ላይ ይውደቅ። በሴኮንድ አንድ ጠብታ ከሆነ በቀንና በሌሊት ከ4 ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ውሃ ይፈሳል፤ ለአራት ቀፎ ይበቃል፣ ጀሪካኑም አራት ቀን ተኩል ያህል ይቆያል። የጀሪካኑን ክዳን ላላ ያድርጉት፤ አየር ካልገባ ጠብታው ይቆማል። ኬሻው የፀረ ተባይ ወይም የማዳበሪያ መያዣ የነበረ አይሁን።

ንቦቹ አዲሱን ቦታ መያዛቸውን ካዩ በኋላ ጠጠር ያለበትን የድሮ ትሪ በየሁለት ቀኑ አንድ ሜትር ያህል ወደ ገንቦው ያስጠጉ። አንድ ጊዜ 10 ሜትር ቢወስዱት ንቦቹ ባዶውን ቦታ ሲዞሩ ይውላሉ። ማዛወሩን ማታ ያድርጉት። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር አይፈቀድም፦ የንቡ ውሃ አንድም ቀን መድረቅ የለበትም። የአንድ ቀን ድርቀት የሁለት ሳምንት ሥራ ያፈርሳል።

የዶሮዎቹን መጠጫ በተመለከተ ቁርጥ ያለው መፍትሔ ኒፕል ነው። ውሃው ዕቃ ውስጥ ተዘግቶ ይቀመጣል፤ ዶሮዋ የብረቱን ጫፍ ስትገፋ ብቻ ይፈሳል፤ ንብ የምትቆምበትም የምታሸተውም ነገር አይቀርም። ክዳን ያላቸው ሁለት 20 ሊትር ባልዲዎች ይግዙ፤ የቀለም ወይም የኬሚካል ባልዲ አጥበው አይጠቀሙ። አንድ ኒፕል ከ8 እስከ 12 ዶሮ ስለሚያጠጣ ለ40 ዶሮ አራት አምስት ይበቃል፤ ይሁንና አንዱ ሲደፈን ሌላው እንዲተካ፣ ደካሞቹም ተራ እንዳያጡ በየባልዲው አራት ይግጠሙ። ከጎን የሚገጠመውን ዓይነት ካገኙ ከባልዲው ወለል ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ይብሱ፤ ዝቃጭ ከታች ስለሚቀር ኒፕሉ አይደፈንም። ባልዲውን ከመብሳትዎ በፊት መሰርሰሪያውን በቁራጭ ፕላስቲክ ላይ ሞክረው ኒፕሉ በግድ የሚገባበትን ስፋት ይለዩ፤ የሰፋ ቀዳዳ አይጠገንም። የኒፕሉ ጥርስ ላይ ቴፍሎን (ውሃ እንዳያፈስ የሚጠቀለል ነጭ ቴፕ) ይጠቅልሉና በእጅ ብቻ ያጥብቁ።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ የሚሳሳተው ክዳኑ ላይ ነው። ጥብቅ ክዳን የገጠሙለት ባልዲ ጥቂት ካፈሰሰ በኋላ አየር ስለማይገባው ውሃ መስጠት ያቆማል፤ ዶሮዎቹ እየነኩት ተጠምተው ይውላሉ፣ ባለቤቱ ግን ባልዲው ሙሉ ስለሆነ ደህና ይመስለዋል። ክዳኑን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይብሱትና ቀዳዳውን በወንፊት ሽቦ ይሸፍኑ። ባልዲውን ዶሮዋ እግሯን ሳታነሣ አንገቷን ቀና አድርጋ በምትደርስበት ከፍታ ይስቀሉ። ዝቅ ካለ ጎኗ እየነካው ይንጠባጠባል።

መንጠባጠቡ የሚያሳስበው ለውሃው ብክነት አይደለም። ጉዝጓዙ ሲርስ ኩስ የነካው እርጥብ ነገር ይፈጠራል፤ ይኸውም ንብ ከምንም አብልጣ የምትወደው ነው። ኒፕል አስገጥመው «ንቡ አልሄደም» የሚሉ ሰዎችን ግቢ ብናይ ንቡ ያለው መጠጫው ላይ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ጉዝጓዝ ላይ ነው። እርጥብ ጉዝጓዝ ኮክሲዲያንም (የዶሮን አንጀት የሚያሳምም ጥገኛ ተሕዋስ) ያፈላል። ከባልዲው ሥር 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠጠር በሰፊ ትሪ ያኑሩ፤ የሚያለቅስ ኒፕል ካለ ፈትተው ይጠቡት፣ ካልሆነ ይቀይሩት።

ማስለመዱ ቀላል ነው። መጀመሪያ ቀን አሮጌው መጠጫ ሳይነሣ ባልዲውን ይስቀሉና ኒፕሎቹን በጣትዎ እየነኩ ጠብታ ያሳዩዋቸው፤ ዶሮ የሚያብለጨልጭ ነገር ሳትነካ አታልፍም። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን አሮጌውን ከማለዳ እስከ ረፋዱ 3 ሰዓት ብቻ ይተዉላቸው፤ ንቡ ሲነቃ ያንሡት። የባልዲውን ጎን በየሊትሩ በእስክሪብቶ ያስምሩበት። እንቁላል ጣይ ዶሮ በመጠነኛ አየር በቀን ሩብ ሊትር ያህል ትጠጣለች፤ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ እጥፍ ሊሆን ይችላል። 40 ዶሮ እንግዲህ ከ10 እስከ 20 ሊትር መጨረስ አለበት። ሁለቱም ባልዲዎች ተደምረው 4 ወይም 5 ሊትር ብቻ ካጎደሉ ዶሮዎቹ አልለመዱም፤ አሮጌውን መጠጫ ለማንሣት አይቸኩሉ።

እንቁላሉ የቀነሰበት ምክንያትም ከዚሁ የሚወጣ ይመስለኛል። የእንቁላል ክብደት ሁለት ሦስተኛው ውሃ ነው፤ በቀኑ ሙቀት ስድስት ሰዓት ሙሉ መጠጫ የተከለከለች ዶሮ መኖም ትቀንሳለች። ውሃው ከተስተካከለ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንቁላሉ ካልተመለሰ ግን ሙቀቱን፣ መኖውንና ጤናቸውን ይመርምሩ፤ ሁሉን በንብ ማላከክ አይገባም።

ለኒፕል አቅም እስኪገኝ ድረስ መጠጫዎቹን ከግቢ አንሥተው ቤት ውስጥ፣ ጨለም ባለ ጥግ ያድርጓቸው። ንብ ብርሃን ወዳለበት እንጂ ወደ ጨለማ ውሃ ፍለጋ እምብዛም አትገባም። በሩ ላይ በቁመቱ የተቀደደ ኬሻ እንደ መጋረጃ ቢያንጠለጥሉ ዶሮዎቹ ገፍተው ያልፋሉ፣ ንቡ ይመለሳል። መጠጫውን በየቀኑ ፈትገው ይጠቡ፣ ውሃውንም ቀዝቃዛ ያድርጉት። አፕል ኮምጣጤ ጨምሩ የሚባለው ምክር ለአንድ ሁለት ቀን ቢሠራ ነው፤ ውሃ ያጣች ንብ ሽታውን ትለምደዋለች። መጠጫው የቆርቆሮ ከሆነ ደግሞ ኮምጣጤው ዚንኩን እያሟሟ ዶሮውን ይመርዛል።

ውሃ ውስጥ ስለሚጨመር ነገር ካነሣን አይቀር፦ የቫይታሚንና የኤሌክትሮላይት ዱቄቶች ብዙዎቹ ስኳር አለባቸው። ንቡ በድንገት የበዛው እንዲህ ያለ ነገር መስጠት በጀመሩበት ሳምንት ከሆነ ምክንያቱ እሱ ነው። ለጫጩት የሚሰጥ የስኳር ውሃም ቤት ውስጥ ብቻ ይሰጥ። ኦክሲቴትራሳይክሊንን የመሰለ መድኃኒት በውሃ ሲሰጥ ንቡ ያንን ውሃ ቀፎ ውስጥ ያስገባዋል፤ የጎረቤትዎ ማር መድኃኒት ሊገኝበት ይችላል። መድኃኒት ያለበትን ውሃ በተዘጋ ዕቃ ወይም ከቤት ውስጥ ያጠጡ። የፈንግል ክትባትን በውሃ የሚሰጡ ከሆነ ጎሕ ሲቀድ፣ ንቡ ሳይነሣ ይስጡ፤ ክትባቱ በሁለት ሰዓት ውስጥ ተጠጥቶ ማለቅ ስላለበት ዶሮው ንብ ፈርቶ የሚጠብቅበት ጊዜ የለም።

መኖው ላይም ንብ ካዩ ነገሩ ሌላ ነው። በኋላ እግሯ ነጣ ያለ እንክብል ተሸክማ የምትሄድ ከሆነ የአበባ ዱቄት አጥታ የበቆሎና የአኩሪ አተር ብናኝ እየሰበሰበች ነው። ይህ የቀፎ ረሃብ ምልክት ስለሆነ ለጎረቤትዎ ይንገሩት፤ ቀፎው አጠገብ በሶ ወይም ቅመም የሌለው ሽሮ ቢያቀርብላቸው የእርስዎን መኖ ይለቃሉ።

ልጅዎ የተነደፈው ንቦቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ንብ የምትከላከለው ቤቷን ነው፤ ውሃ ስትቀዳ የምትናደፈው ስትጨፈለቅ ወይም ከጣት ሥር ስትያዝ ነው። መጠጫ መሙላትና ማጠብ ከፀሐይ መውጣት በፊት ወይም ከጠለቀች በኋላ ይሁን፤ ያኔ አንዲትም ንብ የለችም። ውሃው ላይ የሞቱ ንቦችን በማንኪያ እንጂ በእጅ አያውጡ፤ የሞተች ንብ መንደፊያም ይወጋል። ዶሮም ስትለቅማት አፏ ውስጥ ልትነደፍ ትችላለች። የተነደፈ ሰው መንደፊያውን ወዲያው በጥፍር ፍቆ ያውጣ፤ ማውጫ ሲፈልግ መዘግየት መርዙን ይጨምራል። ጉሮሮው ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ሰውነቱ በሙሉ ካሳከከው መጠበቅ የለም፣ በሩጫ ወደ ጤና ተቋም ነው። ዶሮ የምትነደፈው ዓይኗ አካባቢና ላባ በሌለበት ቀዩ ሥጋዋ ላይ ነው፤ ጥላ ውስጥ አስገብተው በቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ይያዙላት፣ ዓይኗ ካበጠ ውሃና መኖ አጠገቧ ያድርጉላት።

ጎረቤትዎን ከማነጋገርዎ በፊት ንቦቹ የእሱ መሆናቸውን ያረጋግጡ። ጠጥታ የምትነሣ ንብ ጥቂት ዞራ በቀጥታ ወደ ቤቷ ታቀናለች፤ አቅጣጫውን ከሁለት የተለያዩ ቦታዎች ሆነው ይከታተሉ። አንዷን ነጭ ዱቄት ነስንሰውባት እስክትመለስ ሰዓት ይያዙ፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከመጣች ቀፎው ከግማሽ ኪሎ ሜትር ብዙ አይርቅም። የእሱ ከሆኑ የሚጠይቁት ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው፣ ከቀፎዎቹ ጥቂት ሜትሮች ራቅ ብሎ እሱም የማይደርቅ ውሃ እንዲያኖር። ከቀፎው በር ፊት ለፊት አይሁን፤ ንቦቹ ሲበሩ ስለሚጸዳዱ ውሃው ይቆሽሻል። ሁለተኛው፣ ማር የሚቆርጥበትን ቀን አስቀድሞ እንዲነግርዎ።

ሁለተኛው ከውሃው ጉዳይ ይልቅ ያሳስባል። የአገራችን ንብ ቀፎዋ ሲነካ በመንጋ ትወጣለች፤ ታስሮ የተገኘ ከብትና መሸሻ የሌለው ዶሮ የሚያልቀው ያን ቀን ነው። በዕለቱ ዶሮዎቹ ከመቆረጡ በፊት ቤት ይግቡ፣ መስኮቱ በእርጥብ ኬሻ ይሸፈን፣ እስከ ነገ ጠዋት አይለቀቁ። መንጋው ሳይታሰብ ከመጣ ማንም በእጁ አያባር፤ የተጨፈለቀች ንብ የምትለቀው ሽታ ሌሎቹን ይጠራል። ሰው ወደ ቤት ይግባ፣ ራሱን የሸፈነ አንድ ሰው ከነፋሱ ወገን ኩበት ያጭስ፤ ቤቱ ውስጥ ያሉትን ዶሮዎች በር ከፍቶ ለማዳን አይሞክር፣ የቤቱን መስኮት ይሸፍንላቸው እንጂ።

በዚህ ዓመት ንቦቹ ቦታውን ስለያዙ ለጥቂት ሳምንታት ይለፋሉ። ለሚቀጥለው ግን ገንቦውን ኅዳር መጨረሻ ላይ፣ አበባው ሳያልቅ ያቁሙት፤ በጥር ውሃ ፍለጋ የሚወጡት ንቦች መጀመሪያ የሚያገኙት እሱን ይሆናል።